መካነ እንስሳት ውስጥ ጉማሬ በደንብ ተይዟል የምንለው መቼ ነው?

ሄኖክ ዘኦሃዮ

ሰላም ለዚህ ቤት። ሰሞኑን ልጆቼን ይዤ ሲንሲናቲ ዙ ሄጄ ነበር። የሄድነው ለፊዮና ብለን ነው። የማያውቃት ካለ፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 24 ቀን 2017 ስድስት ሳምንት ቀድማ የተወለደችው ጉማሬ ናት። ያኔ 13 ኪሎ ነበረች። ቀኑን ጠብቆ የሚወለድ የጉማሬ ግልገል ከ25 እስከ 50 ኪሎ ስለሚመዝን ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦባት ነበር። ተርፋ ይኸው ዛሬ ከፊልም ተዋናይ ያላነሰ ዝና አላት።

ማቆያው ሂፖ ኮቭ ይባላል፤ 2016 ነው የተከፈተው። ገንዳው 265 ሺህ ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል፤ ፊት ለፊቱ ትልቅ መስታወት አለ። እኔን የገረመኝ እግሯ ነው። ያንን ሁሉ ኪሎ ይዛ መሬቱን በጣቶቿ ጫፍ ነካ ታደርግና ትነሳለች። ነካ፣ ትነሳለች። ለካ ጉማሬ አይዋኝም፤ ወለሉን እየረገጠ ነው የሚሄደው። አፍንጫዋ ግጥም ብሎ ሲዘጋ ይታያል። ከሆዷ ሥር ዓሣዎች ይርመሰመሳሉ። ትንሿ ልጄ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ አልሄድም አለች።

እና ጥያቄዬ፦ ለእናንተ ጥሩ የጉማሬ ማቆያ ምን ዓይነት ነው? እኔ መስታወት የሌለው ማቆያ ዋጋ የለውም ባይ ነኝ። ከላይ ሆኖ ማየት ማለት እኮ ቡናማ ውሃና ሁለት ጆሮ ማየት ነው።

ውሃ ልክ

ሄኖክ፣ መስታወቱን ተወውና ውሃውን ማን አጠራው ብለህ ጠይቅ። ሥራዬ ውሃ ማጣራት ነው፤ የሰው ውሃ ቢሆንም።

ጉማሬ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ይውላል፤ የሚጸዳዳውም እዚያው ነው። ትልቁ ጉማሬ በዱር በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ያህል ሣር ይበላል። ያ ሁሉ የት የሚሄድ ይመስልሃል? ወንዱ ደግሞ ብሶ ጅራቱን እንደ ማራገቢያ እያወዛወዘ ዙሪያውን ይረጨዋል። ግዛቴ ነው ማለቱ ነው።

ድሮ የነበረው መላ ገንዳውን መድፋት፣ ማጠብና እንደገና መሙላት ነበር። አሁንም እንደዚያ የሚያደርጉ አሉ። ብክነቱን ተወው፤ ገንዳው እስኪሞላ እንስሳው ደረቅ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ተሞልቶም ብዙ ሳይቆይ መልሶ ይደፈርሳል። ነገሩን የቀየረው እዚያው አንተ ግዛት ያለው ቶሌዶ ነው። 1986 ላይ ጉማሬን በተጣራ ውሃ ውስጥ፣ ከውሃ በታች የሚያሳይ ማቆያ ከፈቱ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ አልነበረም። ጉማሬ ውሃ ውስጥ ስትወልድ መጀመሪያ በቪዲዮ የተቀረጸውም እዚያ ነው።

ያየሃቸው ዓሣዎችም ለጌጥ አይደሉም። ቲላፒያና ዘመዶቹ ናቸው፤ እበቱን ይለቅማሉ። ግን ዓሣ ብቻውን አይችለውም። መጀመሪያ የድርቆሽ ቁርጥራጩን የሚይዝ ወንፊት ያስፈልጋል። ቀጥሎ ደቃቁን የሚያስቀር ማጣሪያ፣ ከዚያ ጀርሙን የሚገድል ነገር። ሌት ተቀን የሚሠራ ፓምፕም አለ። ለእኔ ጥሩ ማቆያ ማለት ጎብኚ የማይገባበት የጓሮው ክፍል ነው። እሱ ካልሠራ መስታወትህ በማግሥቱ ግድግዳ ነው።

ጣና ዳር

ሰዎች፣ ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ቀን ነው። እኔ ባሕር ዳር ነው ያደግኩት። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል በጀልባ ሄዳችሁ ካያችሁ፣ ያያችሁት የተኛ ጉማሬ ነው። የእሱ ሥራ የሚጀምረው ጀምበር ስትጠልቅ ነው። ከውሃው ይወጣል፤ የለመደውን መንገድ ይዞ ይሄዳል፤ ሲግጥ ያድራል፤ ሳይነጋ ይመለሳል። ቀን አብረው ተደራርበው የዋሉት ሌሊት ለግጦሽ ሲወጡ ይበታተናሉ። የገበሬ ማሳ መንገዳቸው ላይ ከተገኘ አለቀለት። በእኛ በኩል እኮ ማሳው ዳር እሳት አንድዶ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ የሚያድር ሰው አለ።

ሲግጥ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሣሩን በጥርሱ አይደለም የሚቆርጠው። ያ ሰፊ ከንፈሩ ጨብጦ ይነጨዋል። ጨለማ ውስጥ ሸረክ፣ ሸረክ ሲል ይሰማል። ያ ሁሉ የፊት ጥርስ ለጠብ ነው።

እንግዲህ ሄኖክ ወንድሜ፣ ዙው አመሻሽ ላይ ሲዘጋ ያቺ ፊዮና የት ነው የምታድረው? በርካታ ቦታ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት እንስሳውን ቤት አስገብቶ ይዘጋበታል። ለላም ደህና ነው። ጉማሬ ግን ልክ ሊነቃ ሲል ነው በር የሚዘጋበት። እኛ ከፍለን የምናየው የእረፍት ሰዓቱን ነው፤ ሕይወቱ የሚካሄደው ከዘጋን በኋላ ነው። ስለዚህ ለእኔ ጥሩ ማቆያ ማለት ሌሊት ክፍት የሆነ በርና የሚጋጥ መሬት ነው። መስታወቱ በሦስተኛም በአራተኛም ይምጣ።

ሄኖክ ዘኦሃዮ

ጣና ዳር፣ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ግን ኦሃዮ እኮ በረዶ አለ። ጃንዋሪ ላይ በሩን ክፈቱላት ልትል ነው?

ጣና ዳር

በበጋስ? ከግንቦት እስከ መስከረም ምን ሰበብ አለ? በሞቃቱ ወራት ሌሊቱንም ክፍት የሚተዉ መካነ እንስሳት አሉ። የሚያስፈልገው ጠንካራ አጥርና ፈቃደኛ አለቃ ነው።

የበርሊኑ

ለክረምቱ መልስ ከፈለግክ በርሊንን እይ። የጉማሬው ቤት 1997 ላይ የተከፈተ ነው። ጣሪያው ጉልላት የሠራ መስታወት ነው፤ ብርሃኑ ልክ እንደ ውጭ ይገባል። ውጭ በረዶ ሲጥል ውስጥ ሰው ጃኬቱን አውልቆ ነው የሚቆመው። ከውሃ በታችም ይታያሉ።

ደጃፉ ላይ የክናውችከ ሐውልት አለ። 1943 የተወለደ ጉማሬ ነው። ያ መካነ እንስሳት ከጦርነቱ በፊት በሺዎች የሚቆጠር እንስሳ ነበረው፤ ቦምቡና ረሀቡ ሲያበቃ የቀሩት 91 ናቸው። ክናውችከ ከእነዚያ አንዱ ነው። እስከ 1988 ኖሯል። ልጁ ቡለተም 2005 ድረስ ነበረች፤ 53 ዓመት ማለት ነው። የበርሊን ሰው ስለ እነሱ ሲያወራ ስለ ጎረቤቱ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

ስለ ቤቱ ከጠየቃችሁኝ ያምራል። የጎብኚው ዓይን ግን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጣሪያው ነው። ይህ ለአርክቴክቱ ሙገሳ ነው፤ ለጉማሬው ምን እንደጠቀመ አላውቅም። ጣና ዳር የሚለውን መሬት በተመለከተ ከተማ መሃል ያለ ዙ ምንጊዜም ይጠበዋል።

ሐኪሟ

ማታ የት ታድራለች የሚለው ነገር ከእግር ጋር ይያያዛል። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የማክመው ላምና በግ ነው፤ ጉማሬ አልነካሁም። ግን ከባድ እንስሳ ደረቅ ሲሚንቶ ላይ ለዓመታት ሲቆም መዳፉና መገጣጠሚያው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ጉማሬ ደግሞ አንድ ሺህ ተኩል ኪሎ ምንም አይደለም፤ ከዚያ በላይ ይሄዳል። ውሃ ውስጥ ክብደቱን ውሃው ይይዝለታል። ሲወጣ የሚረግጠው አሸዋ፣ አፈር፣ ሣር መሆን አለበት። ሄኖክ ወደ መስታወቱ ስትጠጋ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሄደህ መሬቱንም እየው።

ቆዳውም እንደዚያው ነው። ወፍራም ነው ብላችሁ አትሸወዱ፤ ላይኛው ንጣፍ ስስ ነው። ውሃ ሲያጣ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። ጀርባው ላይ የሚወጣው ቀይ ነገር ደም አይደለም። ሲወጣ ቀለም የለውም፤ ትንሽ ቆይቶ ይቀላል፤ በመጨረሻ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ከፀሐይ ይከላከልለታል፤ ባክቴሪያንም ይገታል። ብዙ ጎብኚ ሲያየው ቆስሏል ብሎ ይጮኻል። ያም ቢሆን ጥላ የሌለው ማቆያ ጥሩ ነው ብዬ አልፈርምም።

ሌላው መግቢያው ነው። ጉማሬ አይዘልም። ወደ ውሃው የሚወርደው ቀስ እያለ ነው፤ ስለዚህ ለዘብ ያለ ቁልቁለት ይፈልጋል። ግልገል ካለች ደግሞ ቆማ አፍንጫዋን ማውጣት የምትችልበት ጥልቀት የሌለው ቦታ የግድ ነው። ፊዮናን ከትንሽ ገንዳ ጀምረው ቀስ በቀስ ነው ወደ ጥልቁ ያሻገሯት።

ፊዮና ካነሳችሁ አይቀር፣ እኔን የሚያስደንቀኝ ማቆያው ሳይሆን ከጀርባው ያለው ሰው ነው። የእናቷን የቢቢን ወተት በእጅ አለቡ። ዋሽንግተን ወዳለው የስሚዝሶኒያን ብሔራዊ መካነ እንስሳት ልከው ምን ምን እንዳለው አስመረመሩ። በዚያ መሠረት ነው ለልጅቱ የሚስማማ ወተት የተሠራላት። ውሃ አጥሯት ደም ሥሯ አልገኝ ሲል ደግሞ የከተማው የሕፃናት ሆስፒታል ባለሙያዎች መጥተው ግሉኮስ ሰኩላት። የጨቅላ ሕፃን ደም ሥር የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው፤ ጉማሬ ምን ይገዳቸዋል!

ጋሽ ተሬ

ልጆች፣ እናንተ ታድላችኋል፤ በመስታወት ትከራከራላችሁ። እኛ ጉማሬን መጀመሪያ ያወቅነው በጀርባችን ነው። አለንጋው ከእሱ ቆዳ ነበርና።

ክርክራችሁ ግን አዲስ አይደለም። 1850 ላይ ለንደን የገባ ኦባይሽ የሚባል ጉማሬ ነበር። ስሙ የወጣለት ከተያዘባት የነጭ ዓባይ ደሴት ነው። የግብፁ ገዥ አባስ ፓሻ ነው የሰጣቸው። በለውጡ የአደን ውሻ ተቀበለ። ግብፃዊ ጠባቂው አብሮት በመርከብ ሄዶ፣ እዚያም አጠገቡ ይተኛ ነበር ይላሉ። የለንደን ሕዝብ እንደ ጉድ ጎረፈ፤ በቀን እስከ 10 ሺህ ሰው። እና ምን አዩ? የተኛ እንስሳ። እስከ 1878 እየተኛ አሳያቸው። ይኸው እስከ ዛሬም ሰው ከፍሎ ገብቶ «ለምን አይንቀሳቀስም?» ይላል። በቀትር ማን ይንቀሳቀሳል? እኔም አልንቀሳቀስም።

ሶስና ከሬሆቮት

ጋሽ ተሬ፣ ሳቄን አመጡት። ዕድሜ ይስጥልን።

እኔ ደግሞ ከእስራኤል ነኝ። ራማት ጋን ሳፋሪ ቴል አቪቭ አጠገብ ነው፤ መኪናችሁን እየነዳችሁ ነው የምትገቡት። መስታወት የሚባል የለም። ሄኖክ እንዳለው ውሃው ቡናማ ነው፤ ልጆቼም «እማ የታለ?» ይላሉ። ግን በሌላ ዙ ያላየሁት ነገር አለ፤ ጉማሬዎቹ መንጋ ናቸው። ሜዳውን ከአውራሪስና ከሜዳ አህያ ጋር ይጋሩታል። ፀሐዩ ለስለስ ሲል ወጥተው ሣሩ ላይ ይዘረጋሉ። አንዱ አገጩን የሌላው ጀርባ ላይ ጥሎ ይተኛል። ሁለት ጎረምሶች አፋቸውን በልቅጠው ፊት ለፊት ተፋጠው፣ ግፊያውን ጀምረው፣ አንድ ትልቅ ሴት መጥታ መሃላቸው ስትገባ አይቻለሁ። ከመኪናው መስኮት!

ሁለት ጉማሬ ንጹሕ ገንዳ ውስጥ ከማይ እነዚያን በጭቃቸው ባያቸው ይሻለኛል።

ሄኖክ ዘኦሃዮ

ሶስና፣ አየሩ ይረዳችኋል፤ ቦታውም አላችሁ። ግን የመስታወቱን ነገር እንዲሁ አልለቅም። ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጉማሬ እግር ነው የምታወራው። ስንት ጣት እንዳለው (አራት ነው) ለአስተማሪዋ ነገረቻት። ቡናማ ውሃ ላይ ጆሮ አይታ ብትመለስ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር። ሰው ያላየውን አይወድም፤ ያልወደደውንም ለመጠበቅ ገንዘብ አያወጣም።

አዲስ አበቤው

ቆይ እኛስ? አንድነት ፓርክ 2019 ሲከፈት አንበሶቹን አየን፣ ደስ አለን። ጉማሬ እኮ የራሳችን እንስሳ ነው። አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ መስታወት ያለው ነገር ለምን አይሠራም?

ውሃ ልክ

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ 265 ሺህ ሊትር? ጉማሬውም እንደኛ ጀሪካን ይዞ ይሰለፍ?

አዲስ አበቤው

ሃሃ። እሺ፣ ተሸነፍኩ።

ጣና ዳር

ቀልዱ እንዳለ ሆኖ፣ እኛ ጉማሬ ለማየት ገንዳ መሥራት አያስፈልገንም። ጫሞ አለ። አርባ ምንጭ ሄዶ የአዞ ገበያውን ሊያይ በጀልባ የወጣ ሰው ጉማሬውንም አብሮ ያያል። ሐዋሳም አለ፣ ጣናም አለ። ችግራችን እነዚያን ማቆየት ነው። ዳርቻው እየታረሰ ሲሄድ ጉማሬው የሚግጠው ያጣል፤ ከዚያ ገበሬው ማሳ ይገባል፤ ከዚያ ጠብ ነው።

የጠራ ውሃ ላይ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ኬንያ አለለት። ጻቮ ውስጥ ምዚማ የሚባል ምንጭ አለ። ውሃው ከሥር ጥርት ብሎ ነው የሚፈልቀው። እዚያ ውሃው ውስጥ የተተከለ የመመልከቻ ክፍል አለ፤ ሰዉ ወርዶ በመስኮት ያያል። እዚህ ሰዉ ነው ሳጥን ውስጥ የሚገባው። ይህን መስታወት እኔም እደግፋለሁ።

ሚሚ

ሙ ዴንግን ማንም አላነሳትም እንዴ??? የእኔ ቆንጆ!

ሐኪሟ

ሚሚዬ፣ ሙ ዴንግ ድንክ ጉማሬ ናት፤ ሌላ ዝርያ ነች። ድንኩ የምዕራብ አፍሪካ ጫካ እንስሳ ነው፤ ክብደቱ ከ180 እስከ 275 ኪሎ አካባቢ ነው። መንጋ አይወድም፤ ለብቻው ወይም እናትና ልጅ ሆኖ ነው የሚኖረው። ቁጥቋጦ፣ ጥላና መደበቂያ ይፈልጋል። ስለዚህ ለትልቁ ጥሩ የሆነው ማቆያ ለእሷ ጥሩ አይደለም።

የእሷ ታሪክ ግን ለዚህ ክርክር ይጠቅማል። ጁላይ 2024 ታይላንድ ውስጥ ካኦ ኪዮ በሚባለው ዙ ተወለደች። በኢንተርኔት ስትታወቅ ሰዉ ወረረው። ተኝታ ሲያገኟት እንድትነቃ ውሃ የረጩባት፣ ዕቃ የወረወሩባትም ነበሩ። ዙው በመጨረሻ ለአንድ ጎብኚ አምስት ደቂቃ ብቻ ብሎ ገደበ። ካሜራም ተከለ። ሄኖክ፣ ሰው ያላየውን አይወድም ብለሃል። አንዳንዱ አይቶም እንዲህ ነው የሚወደው። መራቂያ የሌለው ማቆያ፣ ማለትም እንስሳው ሲፈልግ ከሰው ዓይን የሚሰወርበት ጥግ የሌለው፣ መስታወቱ የቱንም ያህል ቢያምር ለእኔ ወድቋል።

የበርሊኑ

ትክክል። ከዚህ በፊት የኖርኩባት አንዲት የባሕረ ሰላጤ ከተማ ውስጥ ያየሁት ማቆያ አራቱም ጎኑ የሰው መቆሚያ ነበር። ሕፃናት ፈንዲሻ ይወረውራሉ፤ ወላጅ ፎቶ ያነሳል። እንስሳው መሃል ላይ ፊቱን ውሃ ውስጥ ቀብሮ ይቆማል። ሲያፍነው አፍንጫውን ያወጣል፤ መልሶ ይገባል።

ሐኪሟ

ሶስና ያነሳችውን መንጋ ልጨምርበት፤ ማንም ሳይነካው ሊታለፍ ነው። ጉማሬ ድምፅ ያወጣል፤ ያ «ሆንክ ሆንክ» የሚለው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። 2022 ላይ ሞዛምቢክ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ። የተቀዳ ድምፅ አጫወቱላቸው፤ የራሳቸውን መንጋ፣ የጎረቤትን፣ የማያውቁትን። የባዕድ ድምፅ ሲሰሙ ነው ይበልጥ የተቆጡት፤ እበታቸውንም የረጩት። ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ሐሳብ ደስ ይላል፦ አዲስ ጉማሬ ወደ ሌላ ቦታ ከመወሰዱ በፊት እዚያ ላሉት ድምፁን ቀድሞ ማስለመድ። ዙም ሊጠቀምበት ይችላል። ምክንያቱም ጠባብ ቦታ ላይ ሁለት የማይተዋወቁ ወንዶች ካገናኘህ ውጤቱ ይታወቃል፤ በዱር አንድ የውሃ ክልል አንድ አውራ ነው ያለው።

ሌላ ከባድ ጉዳይ አለ። ጉማሬ በእስር ቤትም ቢሆን በደንብ ይወልዳል፤ ረጅም ዕድሜም አለው። ማኒላ ውስጥ የነበረችው በርታ 2017 ላይ የሞተችው በ65 ዓመቷ ነው። ስለዚህ አንድ ግልገል ስትወለድ ዙው ለግማሽ ምዕተ ዓመት ነው ቃል የሚገባው። ቢቢ የወሊድ መከላከያ ይሰጣት ነበር። ሆኖም ኦገስት 2022 ላይ ፍሪትዝ ተወለደ። ወንድ ነው። ሕፃን ሆኖ ሁሉም ወደደው። ወንድ ጉማሬ ሲጎለምስ ግን ከአባቱ ጋር አንድ ገንዳ አይበቃውም። ሁለተኛ ገንዳ፣ ሁለተኛ ማደሪያ፣ ወይም የሚሄድበት ሌላ ዙ መኖር አለበት። ማቆያ ስትሠራ ከመጀመሪያው ይህን ካላሰብክ፣ የሚያምር ገንዳ ሠርተህ ልጅ ስታሳድግ ቆይተህ መበተን ነው የሚመጣው።

ሄኖክ ዘኦሃዮ

ይኼኛው ከበደኝ። ለልጆቼ ፍሪትዝ አንድ ቀን ሊሄድ ይችላል ብዬ እንዴት ልንገራቸው?

ለማንኛውም በሚቀጥለው ስንሄድ ጠባቂዎቹን የምጠይቀው አለኝ። በበጋ ሌሊት በሩ ክፍት ነው ወይ? ሲወጡ የሚረግጡት ምንድን ነው? ሁለተኛ ገንዳ ከኋላ አለ ወይ? ጠባቂዎቹ ወሬ ይወዳሉ፤ ባለፈው ስለ ሐብሐቡ ብቻ ጠይቄ ነው የተመለስኩት። ሙሉ ሐብሐብ አፏ ውስጥ ሲጥሉላት አንዴ ብቻ ነው የምትጨፈልቀው፤ ቅርፊቱ ሲፈነዳ በመስታወቱ በኩል ይሰማል።

ጣና ዳር

ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ግባ። ከሌሊቱ ገና መመለሳቸው ስለሆነ ያኔ ነው ትንሽ የሚነቃነቁት። ስትጠይቅ ደግሞ «ሌሊት ክፍት ነው?» ብቻ አትበል፤ «አዎ» ብለው ይገላግሉሃል። የት ድረስ ክፍት እንደሆነ ጠይቅ። እስከ ጓሮው ሲሚንቶ ነው ወይስ እስከ ሣሩ?

ውሃ ልክ

የነገሩህንም እዚሁ ጻፍልን። ስለ ሁለተኛው ገንዳ ስትጠይቅ ማጣሪያው ለብቻው ይሁን ከትልቁ ጋር የተያያዘ ጨምረህ ጠይቅልኝ። አንዱ ሲታመም ውሃው መለየት አለበት።